ጤነኛ አዋቂ ላይ የማጅራት ገትር ክትባቶች ልዩነት አላቸው ወይስ ያው ናቸው? ክርክር

ዳዊት፦ ሰዎች፣ አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩኝ። የማጅራት ገትር ክትባት በተነሳ ቁጥር ሁሉም "ኮንጁጌቱን ፈልጉ፣ ፖሊሳካራይዱ ጊዜው አልፎበታል" ይላል (ፖሊሳካራይዱ ከባክቴሪያው የስኳር ሽፋን ብቻ የተሠራው አሮጌው ክትባት ነው፣ ኮንጁጌቱ ደግሞ ስኳሩ ከፕሮቲን ጋር የተያያዘበት)። ጤነኛ አዋቂዎች ላይ የተሠሩትን ንጽጽሮች ስመለከት ግን ይሄን ያህል የሚያስጮህ ነገር አይታየኝም። ሰዎቹ ተከትበው ከ28 ቀን በኋላ ደማቸው ሲመረመር፣ ለኤ፣ ለሲ፣ ለደብሊው እና ለዋይ (የባክቴሪያው ዓይነቶች ናቸው) የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል ተቀራራቢ ነው። ሜናክትራ የሚባለው ኮንጁጌት በ2005 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ እንኳ አዋቂ ላይ የቀረበው ማስረጃ "ከአሮጌው አይብስም" የሚል ነበር። "ይበልጣል" አላለም። ሕፃናት ላይ ልዩነት አለ፣ አልክድም። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ለፖሊሳካራይዱ በአመዛኙ እዚህ ግባ የሚባል ምላሽ አይሰጥም። የኔ ጥያቄ ግን ስለ አዋቂ ነው። ለአዋቂ የሚሠራ ነገር እያለ ውዱን ማሳደድ ለምን?

ሜሮን፦ ዳዊትዬ፣ አንድ ቀን አይተህ ፈረድክ እኮ። ሰውየው ከ28ኛው ቀን በኋላም ይኖራል!

ፖሊሳካራይዱ የባክቴሪያው የስኳር ሽፋን ብቻ ነው። ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩትን ቢ ሴሎች በቀጥታ ይቀሰቅሳል፣ ረዳት የሚሆኑት ቲ ሴሎች አይረዷቸውም፣ ስለዚህ ለኋላ የሚቀመጥ ትውስታ የለም። ኮንጁጌቱ ላይ ያው ስኳር ከፕሮቲን ጋር ተያይዟል፣ ከዲፍቴሪያ ወይም ከቴታነስ በተወሰደ ፕሮቲን። ቲ ሴል የሚገባው በዚህ ነው። መጠኑንም እየው፦ አሮጌው ክትባት ያንን ቁጥር የሚያመጣው ለእያንዳንዱ ዓይነት 50 ማይክሮግራም ስኳር ይዞ ነው፣ ሜናክትራ ደግሞ በ4 ማይክሮግራም። ከሁሉ የሚከፋው ሲደገም ነው። ፖሊሳካራይድ ሁለተኛ ጊዜ ሲሰጥ፣ በተለይ ለሲ፣ ምላሹ ከመጀመሪያው ያንሳል። ክትባት ደግመህ ወስደህ ከበፊቱ ያነሰ ማግኘት! ይሄ አዋቂ ላይም የታየ ነገር ነው።

ዳዊት፦ "ትውስታ" የምትሉት ነገር ለዚህ በሽታ ብዙም ውሃ አያነሳም። ባክቴሪያው ሰውነት ውስጥ ገብቶ በሽታው እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ቀን ነው የሚፈጀው፣ ትውስታ ሴሎች ነቅተው በቂ ፀረ እንግዳ አካል እስኪያመርቱ ግን ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ማን ይጠብቃቸዋል? የሚያድንህ በዚያች ሰዓት ደምህ ውስጥ ያለው ነው። እሱ ደግሞ በኮንጁጌትም ይወርዳል። ባይወርድማ አሜሪካኖቹ በ11 ወይም በ12 ዓመታቸው የተከተቡ ልጆችን በ16 ዓመታቸው መልሰው ባልከተቡ።

አቤል (ላቦራቶሪ)፦ ኧረ ቆይ! ሁለታችሁም ቁጥር ትወራወራላችሁ፣ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ግን አልጠየቃችሁም።

ሥራው እንዲህ ነው። የተከታቢው ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) መጀመሪያ በ56 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ይሞቃል፣ የራሱ ኮምፕሊመንት (ባክቴሪያን የሚበሱት የደም ፕሮቲኖች) እንዳይሠራ። ከዚያ በትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ በየደረጃው በእጥፍ ይቀጥናል፦ 1 ለ 4፣ 1 ለ 8፣ 1 ለ 16 እያለ። በየጉድጓዱ ሕይወት ያለው ባክቴሪያና ከውጭ የመጣ ኮምፕሊመንት ይጨመራል። ከቆየ በኋላ ምግብ ባለው ሳህን ላይ ይዘራል፣ በማግስቱ የበቀለው ይቆጠራል። ቢያንስ ግማሹን ባክቴሪያ የገደለው የመጨረሻው ቅጥነት ታይተር ይባላል። በቃ፣ እናንተ የምትጣሉበት ቁጥር ይሄው ነው።

ጣጣው ያለው "ከውጭ የመጣ ኮምፕሊመንት" የሚለው ላይ ነው። አንዱ ላቦራቶሪ የጥንቸል ይጠቀማል፣ ሌላው የሰው። ባክቴሪያው ፋክተር ኤች የሚባለውን የሰው ፕሮቲን ላዩ ላይ ለጥፎ ከኮምፕሊመንት ይደበቃል፣ የጥንቸሉን ግን አይዝም። ስለዚህ በጥንቸል ሲለካ ባክቴሪያው በቀላሉ ይሞታል፣ ቁጥሩም ያብጣል። ለዚህ ነው በሰው ሲሆን 1 ለ 4፣ በጥንቸል ሲሆን ብዙ ጊዜ 1 ለ 8 እንደ መከላከያ ወሰን የሚያዘው። ሰው ግን ከአንዱ ጥናት የጥንቸሉን፣ ከሌላው የሰውን ቁጥር አንስቶ ጎን ለጎን ያስቀምጥና "ይሄኛው በአሥር እጥፍ በለጠ" ይላል። እንዲህ ያለ ንጽጽር ሳይ ያመኛል።

ሜሮን፦ እሺ አቤል፣ ግን 1 ለ 4 ራሱ ከየት መጣ?

አቤል (ላቦራቶሪ)፦ ከጤነኛ አዋቂዎች! የአሜሪካ ጦር ምልምሎች ሥልጠና ሲጀምሩ ደም ተወስዶ ተቀመጠ። በኋላ 54ቱ ታመሙ። የተቀመጠው ደማቸው ሲታይ ያሳመማቸውን ባክቴሪያ የሚገድል ፀረ እንግዳ አካል የነበራቸው 3ቱ ብቻ ነበሩ። አብረዋቸው ከነበሩትና ካልታመሙት ውስጥ ግን 82 በመቶው ነበራቸው። ውጤቱ በ1969 ታተመ፣ እስከ ዛሬም ክትባት የሚፈቀደው በዋናነት በዚህ ሐሳብ ላይ ቆሞ ነው። በሽታው ብርቅ ስለሆነ ስንት ሰው እንደታመመ ቆጥሮ ክትባት ማወዳደር አይቻልም ማለት ይቻላል። ለዚያ ነው ሁሉም ወደ ታይተር የሚሮጠው።

ልብ በሉ ታዲያ፣ ወሰኑ "አለው ወይስ የለውም" ነው የሚለው። 1 ለ 512 ያለው ሰው 1 ለ 64 ካለው ስምንት እጥፍ የተጠበቀ ነው ማለት አይደለም። ከፍታው የሚጠቅመው ቶሎ ከወሰኑ በታች እንዳይወርድ ነው። አዋቂ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ ብዙዎቹ ባክቴሪያው ጉሮሯቸው ውስጥ አልፎ ስለሚያውቅ ገና ሳይከተቡ ፀረ እንግዳ አካል አላቸው። "አራት እጥፍ የጨመረ ስንት ነው?" ብለህ ስትለካ ከፍ ብሎ የጀመረው ሰው ምላሽ ያልሰጠ ይመስላል።

ሰሎሜ፦ ለጀማሪ ጥያቄ ይቅርታ። ቢ ለሚባለው የባክቴሪያ ዓይነት የሚሰጠው ክትባትስ? ሁለት ዓይነት አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ የትኛው ይበልጣል?

አቤል (ላቦራቶሪ)፦ ሰሎሜ፣ ጥያቄሽ የጀማሪ አይደለም፣ ባለሙያም ይጣላበታል። የቢ የስኳር ሽፋን የራሳችን የነርቭ ሴል ላይ ያለውን ስለሚመስል ሰውነት እንደ ጠላት አያየውም። ስለዚህ ክትባቱ ከፕሮቲን ተሠራ። ቤክስሴሮ አራት ነገር ይዟል፣ ትሩሜንባ የአንድ ፕሮቲን ሁለት መልክ። የተፈተኑባቸው ባክቴሪያዎችም የተለያዩ ናቸው። አንዱ 80 ሌላው 90 በመቶ ቢል የተለያየ ፈተና ውጤት ነው፣ አይነጻጸርም።

ጋሽ ተረፈ፦ ልጆች፣ እኔ 60 አልፌአለሁ። "ጤነኛ አዋቂ" ስትሉ እኔንም ትቆጥራላችሁ ወይስ የምታወሩት ስለ ጎረምሶች ነው?

ሜሮን፦ ጋሼ፣ ጥሩ ጠየቁ፣ ዳዊትም ይስማዎት። አብዛኛው ንጽጽር ከ18 እስከ 55 ዓመት ባሉት ላይ ነው። የቀደሙት ኮንጁጌቶች አሜሪካ ውስጥ የተፈቀዱት እስከ 55 ዓመት ብቻ ስለነበር ለእርስዎ ዕድሜ የቀረው አሮጌው ፖሊሳካራይድ ሜኖሙን ነበር። እሱም በ2017 ገደማ ከገበያ ወጣ። በ2020 የተፈቀደው ሜንኳድፊ የተባለው ኮንጁጌት 56 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ ከሜኖሙን ጋር ፊት ለፊት ተወዳድሮ ለአራቱም ዓይነት የተሻለ ምላሽ አሳይቷል። "ያው ነው" የሚለው እርስዎ ጋ ሲደርስ አይሠራም።

ጋሽ ተረፈ፦ ተባረኪ ልጄ። እኛን ሽማግሌዎቹን ረስተውናል ብዬ ነበር።

ዳዊት፦ እሺ፣ ጋሽ ተረፈን ከክርክሬ አወጣኋቸው። ወጣቱ ላይ ግን አሁንም አልተመለሰልኝም።

ሜሮን፦ ወጣቱማ ዋናው ነው! ባክቴሪያውን ጉሮሮው ላይ ይዞ የሚያዞረው እሱ ነው። ደሙ ውስጥ ያለው ታይተር ስለ ጉሮሮው አይነግርህም። እንግሊዝ በ1999 የሲን ኮንጁጌት ለልጆችና ለወጣቶች መስጠት ስትጀምር ተሸካሚዎቹ ቀነሱ፣ ያልተከተቡትም መታመም ቀነሰላቸው። ሜንአፍሪቫክ የተባለው የኤ ኮንጁጌት ከ2010 ጀምሮ በሽታው በሚበዛበት የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉት የተሰጠው ለዚሁ ነው፣ እና የኤ ወረርሽኝ ጠፋ። ፖሊሳካራይዱ ለስንት ዓመት ወረርሽኝ ከተነሳ በኋላ እየተሯሯጡ ሲወጉበት እንዲህ ያለ ነገር አላመጣም።

ዳዊት፦ ታዲያ አውስትራሊያ ውስጥ 35,000 ገደማ ተማሪ የተሳተፈበት የቢ ክትባት ጥናትስ? ፀረ እንግዳ አካሉ ጥሩ የሚባለው ክትባት ጉሮሮ ላይ ያለውን አልቀነሰም። ኮንጁጌት ስላልሆነ ነው ትይኛለሽ፣ አውቃለሁ። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው፦ የደም ምላሽ ማነጻጸር ብቻውን ለዚህ ጥያቄ መልስ ካልሰጠ፣ በደም ምላሽ "ኮንጁጌት ይበልጣል" ማለትም አይቻልም።

አቤል (ላቦራቶሪ)፦ እዚህ ላይ ከዳዊት ጋር ነኝ። በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዘዴ ካልተለካ ደግሞ የባሰ ነው። ማሊና ጋምቢያ ውስጥ ሜንፋይቭ (ከአራቱ ዓይነቶች ሌላ ኤክስ የሚባለውን የጨመረ አዲስ ክትባት) ከሜናክትራ ጋር የተወዳደረበት ጥናት ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ሜናክትራ ኤክስ የለውም፣ ስለዚህ የአዲሱ ክትባት የኤክስ ምላሽ ከሜናክትራ አራት ዓይነቶች ዝቅተኛውን ካመጣው ጋር እንደሚወዳደር ተወሰነ። መስፈርቱ ግልጽ ነው፣ ባትስማማም የት ላይ እንደማትስማማ ታውቃለህ።

ሜሮን፦ ይሁን። ዳዊት፣ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ሐጅ የሚሄድ ጤነኛ ወጣት ፖሊሳካራይድ ቢወስድ ለጉዞው የሚጠየቀው የክትባት ምስክር ወረቀት የሚያገለግለው 3 ዓመት ነው፣ በኮንጁጌት 5። ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ መሄድ ቢፈልግ ምን ትወጋዋለህ?

ዳዊት፦ ያኔ ኮንጁጌት ይወጋ!

ሜሮን፦ ቀድሞ የወሰደው ፖሊሳካራይድ የኮንጁጌቱን ምላሽ እንደሚቀንስ እያወቅክ?

አቤል (ላቦራቶሪ)፦ ቢቀንስም አብዛኛው ሰው ከወሰኑ በላይ ይሆናል።

ዳዊት፦ ይኸው! የላቦራቶሪው ሰው ተናገረ።

ሜሮን፦ "አብዛኛው" ነው ያለው ዳዊትዬ፣ "ሁሉም" አላለም። ከመጀመሪያው ኮንጁጌቱን ብትሰጠው ኖሮ ይሄን ክርክር ምን አመጣው?