ላዳ 2101፦ ዳገት ወጥቶ ሲቆም ሞቶሪኖው (ሞተር አስነሺው) አይዞርም፤ የጭስ ማውጫው ሙቀት ነው?

ባለላዳ_ደብረሲና
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ላዳ 2101 ነው። ጠዋት ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ቁልፍ ሲነካ ይነሳል። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ዳገቱን ጨርሶ ጣርማበር ላይ ቆሞ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሲሞከር ግን «ጠቅ» ብቻ፤ አንዳንዴ እሷም የለችም። የፊት መብራቱ አይደበዝዝም። ግማሽ ሰዓት ቢቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ባትሪው አዲስ ነው፣ ሞተር ሳይነሳ 12.6 ቮልት ያነባል። የፋብሪካው የሞቶሪኖ መከለያ ላሜራ የለም። ሞቶሪኖውን በአስቤስቶስ ጠቅልዬ ልገላገል ወይስ ላሜራ ላሠራ?

ባለቴስተሩ
መብራቱ አይደበዝዝም ማለትህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ሞቶሪኖው ተጣብቆ ወይም ውስጡ ሾርት አድርጎ ቢሆን ብዙ ከረንት ይስብና መብራቱ ይሞት ነበር። ያንተው ገና አልሳበም፤ ሶሌኖይዱ (ሞቶሪኖው ላይ ያለው የማግኔት ሳቢ) ነው የደከመው።

ላዳ ላይ ሞቶሪኖው በቀኝ በኩል፣ ከጭስ ማኒፎልዱ (የሞተሩን ጭስ ከሚሰበስበው ብረት) ሥር ነው። ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚወጣው ብለህ አትታለል፤ የጋለ ብረት እንደ ፍም ነው፣ በየአቅጣጫው ይለበልባል። ስትነዳ ነፋሱ ይወስደዋል፣ ስትቆም ግን የማኒፎልዱ ግለት ሁሉ እዚያው ይቀራል። የመዳብ ሽቦ ከ20 ወደ 120 ዲግሪ ሲግል ለከረንት ያለው ተቃውሞ 39 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በሶሌኖይዱ የሚያልፈው ከረንት ወደ 72 በመቶ ይወርዳል፣ የመሳብ ጉልበቱ ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ጠዋት በ8 ቮልት የሚስበው ሲግል አይበቃውም።

ላሜራ ከመቁረጥህ በፊት ለካ። መኪናው እንደጋለ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርገህ፣ የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ቀይ ሽቦ ሶሌኖይዱ ላይ ቀጭኑ ሽቦ የሚገባበት (50 ቁጥር) ላይ፣ ጥቁሩን የሞቶሪኖው አካል ላይ አድርግ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ይያዝልህ። ከ10 በላይ እያነበበ ካልሳበ ችግሩ ራሱ ሶሌኖይዱ ነው። ከ9 በታች ከወረደ የቁልፉ ቤትና ሽቦው ናቸው። ማሳውንም (የኔጋቲቩን መስመር) አትርሳ፦ ሲሞከር ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ አካል ከ0.3 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም።

ጋራዥ_መሐልሜዳ
አስቤስቶሱን ተወው። አንደኛ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ሁለተኛ ሞቶሪኖ ሲሠራ የራሱ ሙቀት አለው፤ ከጠቀለልከው መውጫ ያጣል፣ እርጥበትም ይይዛል። መከለል ያለበት እሳቱ ነው።

ደግሞ ከሁሉ በፊት ማኒፎልዱ ከቱቦው የሚገናኝበትን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እይ። እዚያ ጋ ጥቁር የጥላሸት ጭረት ካለ ጭሱ እየነፈሰ ነው፤ የሚነፍሰው ወደ ሞቶሪኖው ከሆነ ምንም ላሜራ አያድንህም። አራት ዳዶ ነው፣ 13 ቁልፍ። ናሱን ዳዶ በብረት አትተካ፤ ብረቱ ዝጎ ፕሪጆኒየሩን (ዳዶው የሚጠብቅበትን ብሎን) ይዞት ይሰበራል።

ላሜራው፦ 1 ሚሊ ብረት ወይም አሉሚኒየም። የቤት ክዳን ቆርቆሮ አይሁን፤ ቀጭን ስለሆነ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ በካርቶን ልክ አውጣ፣ ሶሌኖይዱን ጨምሮ ይሸፍን። በሁለቱም በኩል ከ10 እስከ 15 ሚሊ አየር ይኑረው፤ ሥራውን የሚሠራው እኮ አየሩ ነው። ሞቶሪኖው ላይ ካረፈ ሙቀት ማስተላለፊያ ሆነ ማለት ነው። እግሩን ማኒፎልዱ ላይ አትሰር፣ ሞተሩ ብሎን ላይ እንጂ። ጠርዙን 1 ሳንቲ እጠፈው፤ አለበለዚያ ሩቅ ሳትሄድ ይጮህብሃል።

ቱቦውን መጠቅለል ከፈለግህ 5 ሳንቲ ስፋት ያለው የፋይበርግላስ ፋሻ፣ ከ4 እስከ 5 ሜትር ለሁለቱም ቅርንጫፍ የላይኛው 45 ሳንቲ ይበቃል። ውኃ ውስጥ ነክረህ፣ ጓንት አድርገህ፣ ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ጠቅልል፤ እንደ ሣር ክዳን የላይኛው የታችኛውን ይጫነው፣ ዝናቡ እንዳይገባ። በብረት ሽቦ እሰረው። መጀመሪያ ሲግል ይጤሳል፣ አትደንግጥ። ማኒፎልዱን ግን አትጠቅልል፣ ይሰነጠቃል።

ካንዴላ
የካንዴላው እሳት ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነም ጭሱ ከልክ በላይ ይግላል፤ ታይሚንግህን (እሳቱ የሚመጣበትን ጊዜ) አስይ። አብዝተህ ካስቀደምከው ደግሞ ሲግል ሞቶሪኖውን መልሶ ይመታዋል። ጣርማበር ላይ ሞቶሪኖው ዞሮ ካልነሳ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ያ ከፍታ ላይ ቤንዚን በቶሎ ስለሚተን ፓምፑንና ካርቡሬተሩን ነው የምታየው። ለማቀዝቀዝ ብለህ ውኃ ማፍሰስን አትሞክር፤ የጋለ ማኒፎልድ ይሰነጠቃል።

ባለላዳ_ደብረሲና
ለካሁት። ሲቀዘቅዝ 50 ቁጥሩ ላይ 9.4፣ ሲግል 7.9። ማሳው 0.2 ነው። ጓርኒሲዮኑ ላይ በሞቶሪኖው በኩል ጥላሸት አለ።

ባለቴስተሩ
እንግዲህ ሁለቱም አሉብህ፦ የቁልፉ መስመር ቮልት መጉደልም፣ የጭሱ መንፈስም። ጓርኒሲዮኑን ቀይር፣ ከዚያ ሪሌ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) አስገባ። 12 ቮልት ባለ አራት እግር፣ 40 አምፔር። 30 ቁጥሩን ከሞቶሪኖው ወፍራም የባትሪ ብሎን በ4 ሚሜ ካሬ ሽቦና በ30 አምፔር ፊውዝ አምጣው። 87 ወደ ሶሌኖይዱ 50። ከቁልፍ ይመጣ የነበረውን አሮጌ ሽቦ 86 ላይ፣ 85 ማሳ። ሪሌውን ከማኒፎልዱ ራቅ አድርገህ የሞተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ እሰረው፤ ሽቦውንም ሙቀት በሚችል ቱቦ አልብሰው። ቁልፉ የሚሸከመው ከ1 አምፔር በታች ይሆናል።

ሞቶሪኖውን ለላሜራው ስታወርድ (3 ብሎን፣ 13 ቁልፍ፣ ባትሪውን መጀመሪያ ፍታ) የሶሌኖይዱን ፒስተን አውጥተህ የተጋገረውን ግሪስ በቤንዚን እጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቀህ መልስ። ግሪስ አትቀባው። ቡሹንም (ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት) ዘንጉን በእጅህ አወዛውዘህ እይ፤ ዘንጉ ከተንቀሳቀሰ ቀይረው፣ ሲግል አርማቸሩ (የሚዞረው ክፍል) ፊልዱን (በዙሪያው ያለውን የማይዞረውን) ይነካል። ከዚያ ጣርማበር ላይ አቁመህ ለካና ቁጥሩን ጻፍልን።