የቆሰለ አገልጋይና የአባቱ ቤት

ተመልካች፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ «የቆሰለ አገልጋይ ይጸልይ እንጂ በአባቱ ቤት ሰበብ አይፈልግ» ተብሎ ተጽፎ ላይክ ጎረፈለት። ተናደድኩ! አባትና እናቱን ሲያስታርቅ ያደገ ልጅ ካህን ሲሆን፣ ሽማግሌዎቹ በተኳረፉ ቁጥር መሀል ገብቶ ይቃጠላል። እንቅልፍ የለ፣ እረፍት የለ። ከየት እንደመጣበት ቢያውቅ ማን ይጎዳል?

ቀጥተኛው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰበብ ነው ብያለሁ፣ አሁንም ሰበብ ነው። ጳውሎስ ቤቱን ማስተዳደር ያልቻለ ቤተ ክርስቲያንን እንዴት ይጠብቃል አለ እንጂ የአያቶችህን ገመና አውጣ አላለም።

ሰብለ፦ ቤትን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያያያዝከው እኮ ራስህ ነህ 😄 የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያው ኤድዊን ፍሪድማንም ያለው ይህንኑ ነው። የሃይማኖት መሪ ሦስት ቤተሰብ አለው፦ የራሱ ቤት፣ የምእመናኑ ቤቶችና ራሱ ጉባኤው። አንዱ ጋ ያልተፈታ ነገር ሌላው ጋ ይፈነዳል።

ቀጥተኛው፦ ሰውዬው የአይሁድ ረቢ አይደል እንዴ? አሁን ደግሞ ረቢ ያስተምረን?

ተመልካች፦ ጳውሎስ የተማረው የአይሁድ መምህሩ ገማልያል እግር ሥር ነው። እሱንም ላይክ እንንሳው?

ዳር ቆሜ፦ ከነገሩ አትውጡ። የአእምሮ ሐኪሙ ሙሬይ ቦወን ያስተማረው ሰበብ ፍለጋን አይደለም። ሁለት ሰዎች ሲጨናነቁ ሦስተኛ ይጎትታሉ ነው ያለው። ዲያቆኑ «አባ፣ ያ ሰውዬ እንዲህ አለ» ብሎ ሲመጣ፣ ራሱን ያወቀ ካህን «ለእሱ ነግረኸዋል?» ይላል። ያላወቀው ሸክሙን ተቀብሎ ቤቱ ይገባል። የሦስት ትውልድ የቤተሰብ ሥዕል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብና እንደሚኳረፍ የሚያሳየው፣ የሚሳለውም የራስን ድርሻ ለማየት ነው፣ አባትን ለመክሰስ አይደለም።

የቄሱ ባለቤት፦ እኔ ልናገር። የኔው ሰውዬ ሥዕሉን ሠርቷል፣ ግድግዳ ላይ ሁሉ ለጥፎታል። አሁን ሲያኮርፍ «ከአያቴ የወረስኩት ነው» ይለኛል። ድሮ ቢያንስ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።

ቀጥተኛው፦ አላልኩም?! ሰበብ!

ሰብለ፦ በአንድ ቄስ ኩርፊያ ትምህርቱ ይጣል? ጸልየው ያልተለወጡትንስ ልቁጠርልህ?

ቀጥተኛው፦ ጸሎትን እንዳትነኪ።

ስምንተኛው፦ ሁላችሁም ካህኑን ብቻ ታክማላችሁ። ጉባኤው በሐሜት ሲያደማው፣ አለቃው ሲያዋርደውስ? ያም ከእናቱ የመጣ ነው? አንዳንዱ ቁስል ትኩስ ነው፣ ያቆሰለውም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ዳር ቆሜ፦ ልክ ነህ፣ ግን ለምን ዓመታት ዝም እንዳለ የሚያሳየው ያደገበት ቤት ነው።

ስምንተኛው፦ ወይም ደመወዙ።

የቄሱ ባለቤት፦ የኔን ነገር ዘላችሁት አለፋችሁ እኮ።

ቀጥተኛው፦ እህቴ፣ ሥዕሉን ቅደጂው።

ሰብለ፦ እንዳትሰሚው!