የቡታጋዛችን እሳት ቢጫ ሆኗል፤ ድስቱን እያጠቆረው ነው

የፍራንኮዋ፦
ሰላም ለቤቱ። የምንኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ባለ ሁለት ምድጃ ቡታጋዝ አለን፤ ሲሊንደሩ 12.5 ኪሎ የሚይዘው ነው። ሰሞኑን የግራው እሳት ቢጫ ሆኖ ይንቀለቀላል፤ የድስቱን ቂጥ ጥላሸት በጥላሸት አድርጎታል። የቀኙ ደህና ነው። አከራያችን እትዬ «ጋዙ ተበርዞ ነው፣ ሌላ ቦታ አስሞሉት» አሉን። ባለቤቴ ደግሞ ሲሊንደሩ አፍ ላይ ያለውን የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ፣ ሬጉሌተሩን፣ እንቀይር ይላል። ወጥ ቤቷ ጠባብ ናት፤ ነፋሱና አቧራው ስለሚያስቸግረኝ መስኮቷን ዘግቼ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ራሴን ያመኛል፤ ድካም ይሆናል ብዬ ነው። ሲሊንደሩም እዚያው መሬት ላይ ነው፤ ችግር አለው? እባካችሁ የምታውቁ።

ጋሽ መፍቻ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ መስኮቷን ክፈቺ። ሌላውን ከዚያ በኋላ አንብቢው።

ጋዙ አልተበረዘም። ሁለቱም ምድጃዎች የሚጠጡት ከአንድ ሲሊንደር፣ በአንድ ሬጉሌተር ነው። ቀኙ ሰማያዊ፣ ግራው ቢጫ ከሆነ በሽታው ያለው ግራው ላይ ነው። ባለቤትሽ ገንዘቡን ኪሱ ያቆየው። እዚህ አዳማ ምድጃ ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው፤ ነፋሱ አቧራውን ሲያነሳ እንዲህ ያለ ሥራ ይበዛልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዙ የመርፌ ዓይን በምታህል ቀዳዳ ይወጣና በምድጃው ሥር ካለው ክፍት ቦታ አየር እየሳበ ይቀላቀላል። አየሩ ሲበቃው ሰማያዊ ይነዳል። ያ ቦታ በአቧራ ከተደፈነ ወይም ሹሮ ገንፍሎ የላይኛውን ቀዳዳዎች ከዘጋ በደንብ አይነድም። ያ ቢጫው የጋለ ጥላሸት ነው፤ ድስቱ ላይ የሚለጠፈውም እሱው ነው። አብሮት ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። እሱ አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል። ቤት ውስጥ አሞሽ ውጪ ስትወጪ ከተሻለሽ ድካም ነው ብለሽ አትለፊው። «ጋዝ አይሸተኝም» ማለትም አያዋጣም። የምናውቀው ሽታ እንዲለይ ተብሎ የሚጨመረው ላልነደደው ጋዝ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሲሊንደሩን ከላይ ዝጊው፣ ምድጃው ይቀዝቅዝ። የእሳቱን ክዳን አንሺና በሙቅ ውሃና በሳሙና በብሩሽ እጠቢው። የክዳኑን ቀዳዳዎች በስንጥር እንጨት ክፈቻቸው። ከሥር ያለችውን ያቺን ቀጭን የጋዝ መውጫ ግን በመርፌም በሽቦም እንዳትነኪ! ከሰፋች ከልክ በላይ ጋዝ ትለቃለች፤ ያኔ ቢጫው ጭራሽ ይብሳል። ብዙ ምድጃ የሚበላሸው በዚህ ነው። የአየር መግቢያውን አቧራ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊ። ክዳኑ በደንብ ይድረቅ፤ ስትመልሺውም ቦታው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ። አንዳንዱ ምድጃ ከሥሩ አየር የሚያበዛ የሚያሳንስ ቀለበት አለው። ቢጫው እስኪጠፋ በጥቂቱ ክፈቺው። እሳቱ ከክዳኑ ላይ ተነሥቶ እፍ እፍ ካለ አብዝተሻል፤ መልሺው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አገር ይሳሳል፤ ከውጭ ተስተካክሎ የመጣ ምድጃ ይቺን ማስተካከያ ሊፈልግ ይችላል።

ሲሊንደሩ መሬት ላይ መሆኑ ምንም አይደል፤ ብቻ ይቁም። አንዳንዶች ሊያልቅ ሲል ያስተኙታል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሲተን ከ200 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ፈሳሹ በሬጉሌተሩ ከወጣ እሳቱን የሚችለው የለም። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ የቡና ከሰል አጠገቡ አታቀጣጥሉ።

የደምበላው፦
ጋሼ፣ መስኮት ክፈቱ ማለት ቀላል ነው። የአዳማን ነፋስ እያወቁት! በነፋስ መብራት የሚያመነጩት ተርባይኖች እኮ በከንቱ አልተተከሉም። እኛ ቤት መስኮት ሲከፈት እሳቱ ይጠፋና ጋዙ ዝም ብሎ ይወጣል።

ጋሽ መፍቻ፦
ልክ ነህ፣ ይሄ ያጋጥማል። ምድጃውን ከመስኮቱ ትይዩ አንሡትና ጥግ አስይዙት። ነፋሱ የሚመጣበትን ዝጉ፤ በሌላ በኩል ያለውን መስኮት ወይም በሩን ክፈቱ። እሳቱ ጠፍቶ ከሸተታችሁ ጋዙን ዝጉና ሁሉንም ከፍታችሁ ውጡ። መብራት አታብሩ፤ የበራውንም አታጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያው ሲነካ የሚፈጥረው ብልጭታ ይበቃዋል።

ሚኒሶታ የሄደው፦
የአዳማ ልጅ ነኝ። እዚህ ክረምቱ ሲመጣ ቤቱን ሁሉ የሚያሞቀው ምድር ቤት ያለ የጋዝ ማሞቂያ ነው። ብርዱ ሳይገባ ባለሙያ ይመጣል። እሳቱ ሰማያዊ መሆኑን፣ የጭስ መውጫ ቱቦው አለመደፈኑን፣ አለመሰንጠቁን ያያል። የአየር ማጣሪያውን እኔው እቀይራለሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ደግሞ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ውስጥ፣ ማለትም 3 ሜትር ገደማ፣ እንዲኖር ሕጉ ያስገድዳል። በባትሪ የሚሠራ አለ። ሰው ሲመጣ አስልኩ፤ ከሽቶ ይሻላል።

የፍራንኮዋ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሹሮ ነበር፣ ከነአቧራው! አሁን ሰማያዊ ሆኗል። መስኮቷንም ከፍቼ ነው የምሠራው፤ ራሴን አላመመኝም። እትዬ ግን አሁንም ጋዙ ነው ይላሉ። ባለቤቴ ቱቦውን በሳሙና አረፋ ሲፈትሽ ሬጉሌተሩ ጋ አረፋው አልተነፋም፣ ምድጃው ጋ ግን ትንሽ ተነፋ። ቱቦው ላይ 2015 ተብሎ ታትሟል። በኛ ነው በፈረንጅ?

ጋሽ መፍቻ፦
በፈረንጅ ነው። አረፋው ከተነፋ ግን በየትኛውም አቆጣጠር ያው ነው። ሲሊንደሩን ዝጉት፤ አዲስ ቱቦ እስኪገባ ምንም እንዳታበስሉበት። ስትገዙ የጋዝ ቱቦ በሉ፤ የውሃ ጎማ አይሆንም። ከአንድ ሜትር ተኩል አይብለጥ፣ በምድጃው ጀርባም አይለፍ። ማሰሪያውንም አብራችሁ ግዙ። በሽቦ እንዳትጠመጥሙት።