ክርክር፦ ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ አንባቢ ገላጩን ሐረግ ለየትኛው ስም ይሰጣል?

አወያይ
በተርጓሚዎችና በቋንቋ መምህራን መካከል የሚነገር አንድ ደንብ አለ፦ «እንግሊዝኛ አንባቢ ገላጩን ሐረግ ለቅርቡ ስም ይሰጣል፤ ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ አንባቢ ግን ለሩቁ።» ለምሳሌ «ላ ፊሊያ ዴል ኮሎኔሎ ኬ ፒያንጄቫ» ሲባል የኮሎኔሉ ሴት ልጅ አለች፣ የሚያለቅስም ሰው አለ። ማን ነው የሚያለቅሰው? ገላጩ ሐረግ «ኬ ፒያንጄቫ» (የሚያለቅስ) ነው፤ ከእሱ አጠገብ ያለው «ኮሎኔሎ» ቅርቡ ስም፣ «ፊሊያ» (ልጅ) ደግሞ ሩቁ። የጣልያንኛው «ኬ» ሆነ የፈረንሳይኛው «ኪ» ጾታም ቁጥርም አይለይም። ደንቡን እናስተምረው ወይስ እንተወው?

የሥነ ልሳን መምህር
ቢቀር ይሻላል። የደንቡ መነሻ የ1988ቱ የኩዌቶስና የሚቼል ጥናት ነው። በረንዳው ላይ የነበረችው ተዋናይቷ ናት ወይስ ገረዷ በሚያሰኝ ዓረፍተ ነገር ስፓንኛ አንባቢዎች ወደ ገረዷ (ወደ ሩቁ ስም)፣ እንግሊዝኛ አንባቢዎች ወደ ተዋናይቷ (ወደ ቅርቡ) አዘነበሉ። እስከዚያ ድረስ «አንባቢ አዲሱን ቃል አሁን ከያዘው ሐረግ ጋር ያያይዛል» የሚለው የሊን ፍሬዚየር መርሕ ለቋንቋ ሁሉ ይሠራል ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ ውጤቱ ብዙ አነጋገረ። ፈረንሳይኛና ጣልያንኛም ከስፓንኛ ጎን ተሰለፉ። ዋናውን ግስ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አላየውም።

«ኦ ቪስቶ ማርያ ኬ ፒያንጄቫ» የሚለውን እንውሰድ። ማርያ የተጸውዖ ስም ስለሆነ የትኛዋ ማርያ ብሎ መለየት አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገሩ የሚለው «ማርያ ስታለቅስ አየኋት» ነው። ፈረንሳይኛም «ዤ ቩ ማሪ ኪ ፕለሬ» ይላል። መልኩ ገላጭ ሐረግ ነው፤ ሥራው ግን የታየውን ድርጊት መናገር ነው። የማየትና የመስማት ግሶች ይህን ሥሪት ይቀበላሉ፤ «አብሮ መኖር»ና «አብሮ መሥራት» የመሳሰሉት አይቀበሉም። እንግዲህ የኮሎኔሉን ልጅ «አየሁ» ተብሎ አንባቢው «ስታለቅስ» ብሎ ከተረዳው፣ አልቃሿ የታየችው ልጅ ብቻ ናት፤ ኮሎኔሉ በዚህ ንባብ ሊያለቅስ አይችልም። ግሪሎና ኮስታ በ2014 ይህንኑ አሳይተዋል፤ ሥሪቱን የማይቀበል ግስ ሲገባ የጣልያንኛ አንባቢዎች ምርጫ ወደ ቅርቡ ስም ዞረ።

ሥሪቱ መኖር አለመኖሩን በሦስት መንገድ መፈተሽ ይቻላል። ስሙን በተውላጠ ስም ተኩ፤ «ሎ ቪስቶ ኬ ኮሬቫ»፣ «ዠ ሌ ቩ ኪ ኩሬ» (ሲሮጥ አየሁት) ያስኬዳል። ጊዜውን አዛቡ፤ «ቬዶ ጃኒ ኬ ኮሬቫ» (አሁን አያለሁ፣ ጃኒ ይሮጥ ነበር) አያስኬድም፣ የሁለቱ ግሶች ጊዜ መግጠም አለበት። በድርጊቱ ቦታ ቋሚ ባሕርይ አስገቡ፤ ዓይነ ሰማያዊ መሆንን «ሲሆን አየሁት» ማለት ስለማይቻል ሥሪቱ ይፈርሳል።

የጽሑፍ ክምችት አጥኚ
መምህር፣ ግሱ ለውጥ ማምጣቱን እቀበላለሁ። ሁሉን ይፈታል ከተባለ ግን አልስማማም። ዛጋር፣ ፔንትና ራቲቮ በ1997 የፈረንሳይኛ አንባቢዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ሲከታተሉ ካቀረቧቸው ዓረፍተ ነገሮች አንዱ «አንድ ጋዜጠኛ የዘፋኟን ጠበቃ አነጋገረ፣ ከልክ በላይ የተማመነ ይመስል የነበረውን» ዓይነት ነው። ዋናው ግስ «አቦርዳ» (ቀርቦ አነጋገረ) ነው፤ የማየት ግስ አይደለም። በሐረጉ ውስጥ ያለው «ሳምብሌ»፣ ማለትም «ይመስል ነበር»፣ የሚታይ ድርጊት አይደለም። አንባቢዎቹ ግን ወደ ጠበቃው ሄዱ። ይህን የእርስዎ ሥሪት አያስረዳም።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ አንባቢ የሚከተለው በንባብ ዘመኑ አብዝቶ ያጋጠመውን ነው። ሚቼልና ባልደረቦቹም ይህንኑ ሐሳብ አቅርበዋል። ስለዚህ ደንቡ ይቆይ፤ «በአብዛኛው» የሚል ቃል ይጨመርበት።

የሙከራ አዘጋጅ
ወንድሜ፣ የድግግሞሹ ሐሳብ ደችኛ ላይ ተሰናክሏል። ብራይስባርትና ሚቼል እንዳገኙት የደችኛ አንባቢዎች ሩቁን ስም ይመርጣሉ፤ የደችኛ ጽሑፎች ሲቆጠሩ ግን የሚበዛው ከቅርቡ ጋር የተያያዘው ነው። ያጋጠመውን የሚከተል አንባቢ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ይገለበጥ ነበር።

ደግሞም «ይመርጣል» ስንል መቼ እንደለካን እንናገር። ዴ ቪንቼንሲና ዮብ በ1990ዎቹ በጣልያንኛ ሲሠሩ፣ አንባቢው ቁልፍ እየተጫነ ክፍል በክፍል ሲያነብ ፍጥነቱ ወደ ቅርቡ ስም ማዘንበሉን አሳየ፤ ዓረፍተ ነገሩ አልቆ «ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ወደ ሩቁ ሄደ። አንዱ የመጀመሪያ እርምጃ ነው፣ ሌላው አስቦ የተሰጠ ፍርድ። ሁለቱን አንድ ላይ ቀላቅሎ ደንብ ማውጣት ስሕተት ነው።

መስተዋድዱም ይታይ። «ዲ» ወይም «ደ» (የ) ሲሆን ሁለቱም ስሞች ክፍት ናቸው፤ «ኮን» ወይም «አቬክ» (ጋር) ሲሆን ምርጫው በግልጽ ወደ ቅርቡ ይሄዳል። ርዝመትም አለ፦ ረጅም ሐረግ ከፊቱ የድምፅ ዕረፍት ስለሚጠራ፣ አንባቢው በልቡ ቢያነበውም እንኳ ወደ ሩቁ ስም ይገፋዋል። ይህ የጃኔት ፎዶር ሐሳብ ነው፤ ለእኔም የጠበቃውን ዓረፍተ ነገር ከግሱ ይልቅ ይህ የሚያስረዳው ይመስለኛል።

ተርጓሚዋ
ክርክሩ ለእኛ የሥራ ጉዳይ ነው። ወደ አማርኛ ስንመልስ ሁለቱን ትርጉም አቅፎ የሚያልፍ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ የለንም። «ያለቀሰችው የኮሎኔሉ ልጅ» ወይም «ያለቀሰው ኮሎኔል ልጅ» ብለን መቁረጥ አለብን። የተሳሳተ ደንብ ይዞ የሚቆርጥ ሰው ትርጉሙን ይቀይራል።

ሕግ ላይ ይብሳል። በአውሮፓ ኅብረት 24ቱም ቋንቋዎች እኩል ሕጋዊ ናቸው፤ ከጣልያን በመጣው የቺልፊት ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በ1982 የተለያዩት ቅጂዎች ተነጻጽረው ይተርጎሙ ብሏል። የፈረንሳይኛው «ኪ» አሻሚ ሲሆን የሌላውን ቋንቋ ቅጂ መክፈት ይገባል፤ ጾታ ወይም ቁጥር እዚያ ተለይቶ ሊገኝ ይችላል።

ብዙዎች በ«ኪ»ና በ«ኬ» ቦታ ጾታ የሚለዩትን «ለኬል፣ ላኬል» ወይም «ኢል ኳሌ፣ ላ ኳሌ» አስገብተው ያስተካክሉታል። እባካችሁ ተጠንቀቁ። እነዚህ ባለቤት ሆነው ሲገቡ በተለምዶ ከነጠላ ሰረዝ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ ሐረጉ ስሙን ከሌሎች መለየቱን ትቶ ተጨማሪ መረጃ ይሆናል። «ፈቃድ ያላቸው» ብቻ የነበረው «ሁሉም፣ ደግሞም ፈቃድ ያላቸው» ሆነ ማለት ነው። ስሙን መድገም ወይም ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት መክፈል ይሻላል።

ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ደንብ ማሰርም አይገባም። ጣልያንኛ ተውላጠ ስሙን ሲተው አንባቢው ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፤ «ሉዊ» (እሱ) ወይም «ሌይ» (እሷ) ብሎ ሲጠራው ወደ ሌላኛው ሰው ያዘነብላል። ፈረንሳይኛ ይህ ምርጫ የለውም። «ፖስተኛው ጠራጊውን አገኘው፣ ወደ ቤት ሳይገባ በፊት» ለማለት «አቫን ኪል» (እሱ ከ… በፊት) ከተጠቀመ አንባቢው ጠራጊውን ይወስዳል፤ ፖስተኛው ቢሆን «አቫን ደ» ብሎ በንዑስ አንቀጽ ይጽፈው ነበርና።

አወያይ
ለፈተና አዘጋጆችስ?

የሙከራ አዘጋጅ
ተማሪ የሚፈተንበት ዓረፍተ ነገር መልስ ካለው መልሱ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይኑር። አንዱን ስም ወንድ፣ ሌላውን ሴት አድርጉና መግጠሚያውን፣ ማለትም የጾታና የቁጥር ምልክቱን፣ በቅጽል ወይም «ኤሴሬ» (መሆን) ከሚባለው ረዳት ግስ ጋር በሚመጣ የኀላፊ ቦዝ ላይ አሳዩት፤ የጣልያንኛ ግስ በአሁን ጊዜ ጾታ አይለይም። ሆነ ብሎ አሻሚ የተደረገ ከሆነ ደግሞ ነጥብ አይሰጥበት። ለጥናት ከሆነ፣ 24 ዓረፍተ ነገር በሁለት ቅጂ አዘጋጁ፤ አንድ አንባቢ ከአንዱ ቅጂ 12፣ ከሌላው 12 ይይ፣ የአንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ቅጂ ግን አይይ። በመካከል ቢያንስ እጥፍ የሚሆኑ ሌሎች ዓረፍተ ነገሮች ይግቡ፤ አለበለዚያ በአምስተኛው ላይ የምትፈልጉትን ይደርስበታል።

የሥነ ልሳን መምህር
ተማሪ መጀመሪያ የሚያየው ዋናውን ግስ ይሁን የሚለውን አቋሜን አልለቅም። የጠበቃው ዓረፍተ ነገር ክፍት ጥያቄ መሆኑን ግን እቀበላለሁ።

የጽሑፍ ክምችት አጥኚ
እኔ ደግሞ መጀመሪያ መግጠሚያውን እላለሁ፤ ግሱ ዝንባሌ ነው የሚሰጥዎት፣ መግጠሚያው እርግጡን። በፈረንሳይኛ ደግሞ በጽሑፍ እንጂ በጆሮ አይታመንም። «ፓርል» (ይናገራል፣ ይናገራሉ) ነጠላም ብዙም ሆኖ ድምፁ አንድ ነው፤ «ዶር» (ይተኛል)ና «ዶርም» (ይተኛሉ) ይለያያሉ። የማዳመጥ ፈተና እንደ «ፓርል» ባለ ግስ የሚያዘጋጅ ሰው መልስ የሌለው ጥያቄ እየጠየቀ ነው።