ያገለገለ እንጨት ሕፃናት ላሉበት ቤት

ውድ እህትና ወንድም፣ ከሁለት ትናንሽ ልጆች ጋር አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ መግባታችሁንና ባዶውን አፓርታማ ባገለገለ እንጨት ራሳችሁ በምትሠሩት ዕቃ ለማሟላት ማሰባችሁን ጠቅሳችሁ የጻፋችሁትን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሐሳቡ መልካም ነው። እዚህ በርካሽ የሚሸጠው አዲስ የቤት ዕቃ አብዛኛው የተፈጨ እንጨት በኮላ ተጨምቆ የተሠራ በመሆኑ ውኃ ሲነካው ያብጣል፣ ቤት ሲቀየርም ብሎኑ ይላቀቃል፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ የኦክ ወይም የጥድ ጣውላ ግን ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ይሁንና ልጆች ባሉበት ቤት ከንድፉም ከመሣሪያውም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ እንጨቱ ከዚህ በፊት የት እንደነበረና ምን እንደተቀባ ነው።

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሱቅ ጀርባ ተቆልሎ ከሚያገኘው ፓሌት፣ ማለትም ዕቃ ከሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ ነው። ከአገር አገር ዕቃ የሚጫንበት ፓሌት በጎኑ የስንዴ ዛላ የሚመስል ምልክት ያለበት ማኅተም አለው፤ ማኅተሙ የተሠራበትን አገርና ተባዩ በምን ዘዴ እንደጠፋ ይናገራል። “ኤች ቲ” (HT) የሚል ከሆነ የእንጨቱ መሐል 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ በዚያ ሙቀት ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው። “ኤም ቢ” (MB) የሚል ከሆነ ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ወደ ቤት አታስገቡት። “ኤች ቲ” የሚለውም ቢሆን የሚመሰክረው ስለ ተባዩ ብቻ ነው፤ ፓሌቱ ላይ ዘይት ወይም ኬሚካል ፈስሶበት እንደሆነ አይነግራችሁም፤ ስለዚህ እድፍ ያለበትን ወይም የሚሸተውን ተዉት። ሰማያዊ ቀለም የተቀቡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአከራይ ኩባንያ ንብረት ናቸው፤ ከመውሰዳችሁ በፊት ባለሱቁን ጠይቁ።

እኔ ግን ለጀማሪ ፓሌትን አልመክርም። ጣውላው ቀጭን ነው፤ ምስማሩም ጠማማ ስለሆነ ሲነቀል እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። በኤድመንስተን፣ ሜሪላንድ የሚገኘው ኮሚዩኒቲ ፎርክሊፍት፣ እንዲሁም በብዙ ከተሞች ያሉት፣ ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ የተባለው የቤት ሠሪ በጎ አድራጎት ድርጅት “ሪስቶር” መደብሮች ከፈረሱና ከታደሱ ቤቶች የወጣ ጣውላ፣ በርና የወለል እንጨት ይሸጣሉ፤ እንጨቱን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ አገላብጣችሁ፣ ከምን ዓይነት ቤት እንደወጣ ጠይቃችሁ መግዛት ትችላላችሁ።

በጣም የማሳስባችሁ ስለ ቀለሙ ነው። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውል፣ እርሳስ (ሊድ) የተባለ መርዛማ ብረት ያለበትን ቀለም የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት ከተሠራ ቤት የወጣ የተቀባ በር ወይም መስኮት እርሳስ እንዳለበት መገመት ይገባል። አደጋው ቀለሙ ሲፋቅ በሚወጣው ብናኝ ላይ ነው፤ ብናኙ ወለል ላይ ያርፋል፣ የሚድህ ልጅ በእጁ ይነካዋል፣ እጁንም ወደ አፉ ይከተዋል፤ ከስድስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አእምሮን የሚነካና የማይመለስ ሊሆን ይችላል። የተቀባ አሮጌ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፤ ያልተቀባውን ምረጡ። የአሮጌ ወለል ቫርኒሽም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ሳይመረመር አይነካ። ሌላው ከግቢ አጥርና ከውጭ በረንዳ የሚነሣው አረንጓዴ ገጽታ ያለው እንጨት ነው፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ ለመኖሪያ ቤት ሲሸጥ የነበረው እንዲህ ያለ እንጨት እንዳይበሰብስ አርሴኒክ በተባለ መርዝ የታከመ ነበር። ለዕቃ አይሆንም፤ ቁርጥራጩንም ለጥብስ እሳት አታንድዱ፤ ጭሱና አመዱ መርዝ ነው።

የሕፃን አልጋ ራሳችሁ አትሥሩ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጠንካራ ደንብ ወጥቶለታል፤ በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተተው ዓይነትም ታግዷል። አልጋውን አዲስ ግዙና ጉልበታችሁን ለሌላው አውሉት።

ለመጀመሪያ ሥራ የምመክራችሁ ረከቦት ነው። ትንሽ ነው፣ አፓርታማ አይጠበውም፣ በየሳምንቱም ይፈለጋል። ያልተቀባ ወይም ተመርምሮ ንጹሕ የሆነ የኦክ ወለል እንጨት ውሰዱ፤ የተለመደው ውፍረቱ 1.9፣ ወርዱ 5.7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እንጨቱን ቤት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል አሳርፉት፤ ቤቱን ሳይለምድ ከተገጠመ በኋላ ይጣመማል። ምስማር እንዳልቀረበት በማግኔት ፈትሹ። ጎንና ጎኑ ያለውን መጋጠሚያ በመጋዝ ስትቆርጡ ወርዱ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ሰባቱን 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቆርጣችሁ በየመካከላቸው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ብትተዉ 38 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገበታ ታገኛላችሁ፤ ስኒ ሲታጠብ የሚፈሰው ውኃም በክፍተቱ ወርዶ ከሥር በምታስገቡት ትሪ ላይ ይጠራቀማል። ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ክፈፍ አድርጉለት። እግሮቹን ከገበታው ጠርዝ ወደ ውስጥ አታስገቧቸው፤ ማዕዘኑ ላይ ካልቆሙ ልጅ ጠርዙን ሲደገፍ ጀበናው ከነትኩስ ቡናው ይገለበጣል። ለዚህ ሁሉ መጋዝ፣ ትሪፓኖ (መብሻ)፣ ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ)፣ እንጨት አጥብቀው የሚይዙ ሁለት ሞርሳና ኮላ ይበቃል። ቁጥር 80፣ ከዚያ 120፣ በመጨረሻም 180 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ሥራው ግን ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን በሚሸፍን ጭምብል ይሁን።

ውኃ ስለማይለየው በውኃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ይሻለዋል፤ ጣሳው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ጊዜ እስኪያልቅ ልጆች አይንኩት። የተልባ ዘይት ከመረጣችሁ ግን የቀባችሁበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ ሲደርቅ ሙቀት እየፈጠረ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

መደርደሪያውን ከረከቦቱ በኋላ ሥሩት፤ ስትሠሩትም ከግድግዳው ጋር እሰሩት፤ ልጆች እንደ መሰላል ይወጡበታልና። የዚህ አገር ግድግዳ ጂፕሰም ስለሆነ ብቻውን ቪቴ አይዝም፤ በውስጡ ብዙውን ጊዜ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ የቆመውን ሞራሌ ፈልጋችሁ እዚያ ላይ አጥብቁት። አፓርታማው የኪራይ ስለሆነ ለቀዳዳው አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ለልጆች ደኅንነት መሆኑንም በጽሑፍ ግለጹላቸው።