ንግድ ፈቃድ ሳያወጡ የፍሪላንስ ክፍያን በሕጋዊ መንገድ ለመቀበል፦ ለአያት፣ ለአራብሳና ለለገጣፎ አካባቢ ነዋሪዎች የቀረበ ጥቆማ

በአያት፣ በቦሌ አራብሳ፣ በሰሚትና በለገጣፎ ቤታቸው ተቀምጠው በትርጉም፣ በግራፊክስ፣ በቪዲዮ ቅንብርና በሶፍትዌር ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። ከእነርሱ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ፣ ንግድ ፈቃድ ያላወጣ ሰው የሠራበትን ገንዘብ ሕግ ሳይተላለፍ በየትኛው መንገድ ቢቀበል ይሻለዋል የሚል ነው። እኔም በትርጉም ሥራ የምኖር በመሆኔ ጉዳዩ በቅርብ ይመለከተኛል። ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር፦ ደንበኛው አገር ውስጥ ያለ ድርጅት ከሆነ የተወሰነ ጊዜ ወይም የተወሰነ ሥራ የቅጥር ውል እመክራለሁ፤ ደንበኛው ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ በራስ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ በቀጥታ የሚገባ ክፍያን አስቀድማለሁ።

አስቀድሞ ግን የሕጉን ድንበር ማወቅ ያስፈልጋል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ማንም ሰው የጸና ፈቃድ ሳይኖረው የንግድ ሥራ መሥራት እንደማይችል ይደነግጋል። ስለዚህ ማስታወቂያ አስነግሮ፣ ለመጣው ሁሉ ዋጋ እየቆረጠ፣ በቋሚነት ለብዙ ደንበኞች የሚሠራ ባለሙያ «እኔ ፍሪላንሰር እንጂ ነጋዴ አይደለሁም» ቢል ክርክሩ ሩቅ አይወስደውም። ለእንዲህ ያለው ሰው የምመክረው የግል ነጋዴ ሆኖ መመዝገብን ነው። ይህ ጥቆማ የሚያገለግለው ከአንድ ወይም ከሁለት አሠሪዎች ጋር በውል ለሚሠሩና ሥራውን ገና ለሚጀምሩ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ የሚደረግ የቅጥር ውልን ይፈቅዳል። በዚህ ውል የሚሠራ ሰው ንግድ ፈቃድም ሆነ የሽያጭ ደረሰኝ አያስፈልገውም፤ ግብሩን አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ ለገቢዎች ያስገባል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በወር 10,000 ብር የሚከፈለውን ሰው እንውሰድ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ሲሆን፣ ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ያለው 3,000 ብር 20 በመቶ፣ የመጨረሻው 3,000 ብር 25 በመቶ ይታሰብበታል፤ ድምሩ 1,650 ብር ይመጣል። በተጨማሪ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ከራሱ ይጨምርበታልና ይህ የጠፋ ገንዘብ አይደለም። ያው ሰው ለያው ሥራ እንደ አገልግሎት አቅራቢ ተቆጥሮ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) እና ንግድ ፈቃድ ማቅረብ ቢያቅተው፣ በአዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ከፋዩ ድርጅት 30 በመቶ ማለትም 3,000 ብር ቀንሶ ያስቀራል። ክፍያው ከፍ እያለ ሲሄድ ልዩነቱ ይጠባል፤ በ20,000 ብር የደመወዝ ግብሩ 4,950 ብር፣ የ30 በመቶው ቅናሽ ደግሞ 6,000 ብር ነው።

ይሁን እንጂ የቅጥር ውሉ እውነተኛ መሆን አለበት። ሕጉ ተቀጣሪ የሚለው በአሠሪው አመራርና ቁጥጥር ሥር የሚሠራውን ሰው እንጂ በራሱ ኃላፊነት የሚሠራውን ባለሙያ አይደለም፤ ስለዚህ ውሉ የሥራውን ዓይነት፣ ሪፖርት የሚቀርብለትን ኃላፊ፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን በግልጽ ይዘርዝር። ከየክፍያው በኋላ የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን ቅጂ ጠይቃችሁ ያዙ፤ ግብሩ ተቀንሶ ሳይገባ ቢቀር መከራከሪያችሁ እርሱ ነው።

አንዳንድ የሒሳብ ክፍሎች «ከየትም ብለህ ደረሰኝ አምጣ» ማለታቸውን ከብዙ ባልደረቦች ሰምቻለሁ። ይህን ፈጽሞ እንዳትቀበሉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። አገልግሎቱን ባልሰጠ ነጋዴ ስም የተቆረጠ ደረሰኝ ሐሰተኛ ደረሰኝ ነው፤ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 በእስራት ያስቀጣል፤ ለሁለትና ለሦስት ሺህ ብር ሥራ እንዲህ ያለ አደጋ ውስጥ የሚገባ ወጣት ማየት ያሳዝነኛል።

ወደ ውጭ አገር ክፍያ ስንመጣ፣ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ይፋ ያደረገው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ነገሩን በእጅጉ አቅልሎታል። በዚህ ማሻሻያ መሠረት ከውጭ በሐዋላ፣ በደመወዝ ወይም በሌላ መንገድ የውጭ ምንዛሪ የሚያገኝ ነዋሪ በስሙ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍቶ፣ በዚያው ገንዘብ ለውጭ አገልግሎቶች በካርድ መክፈል ይችላል። የሶፍትዌር ኪራይና የድረ ገጽ ማስተናገጃ ክፍያ ላለበት ባለሙያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ባንክ ስትመርጡ ከባንኩ ስም ይልቅ ቅርንጫፉን ተመልከቱ። ንግድ ባንክ በቅርንጫፍ ብዛት የሚስተካከለው ስለሌለ በከተማው ዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ቅርብ ነው፤ አዋሽ፣ ዳሽንና አቢሲኒያም ከውጭ በስዊፍት፣ ማለትም ባንኮች በዓለም ዙሪያ በሚላላኩበት ሥርዓት፣ የሚላክ ገንዘብ ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ ትንንሽ የሰፈር ቅርንጫፎች የውጭ ምንዛሪ ጉዳይን ወደ ትልቅ ቅርንጫፍ ሊመሩ ስለሚችሉ፣ ሒሳቡን ከመክፈታችሁ በፊት አገልግሎቱ እዚያው ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ደንበኛችሁም የማስተላለፊያውን ወጪ ራሱ እንዲሸፍን በውሉ ላይ ይስማማ፤ ካልሆነ በመሃል ያሉት ባንኮች ከገንዘባችሁ ላይ ይቆርጣሉ፤ ከትንሽ ክፍያ ላይ ሲቆረጥ ደግሞ ይሰማል።

በዚህ ምክንያት ክፍያዎቹ ትንንሽና ተደጋጋሚ ለሆኑበት፣ ለምሳሌ ፍሪላንሰሮችን ከደንበኞች ጋር በሚያገናኘው በአፕወርክ ድረ ገጽ ለሚሠራ ሰው፣ ፔዮኒር የተባለው የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት የተሻለ ነው፤ ገንዘቡን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ወደ ባንክ ማስተላለፍ ይቻላል። ፔይፓልን አልመክርም፤ በቀጥታ ወደ አገራችን ባንክ ማውጣት ስለማይቻል ሰዎች በውጭ አገር ዘመድ ስም ይቀበሉበታል፤ ያኔ ገቢው በማን ስም እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም። ዌስተርን ዩኒየንና መሰሎቹ ለቤተሰብ መላላኪያ ይመቻሉ እንጂ የሥራ ክፍያ ማስረጃ አይሆኑም። ምንዛሪውን በጥቁር ገበያ የሚያደርስ ሰው ደግሞ ምንም ያህል ቢታመን ሕገወጥ ነው። ቴሌብርና ኤም-ፔሳ ለአገር ውስጥ ትንንሽ ክፍያ ፈጣን ናቸው፤ ግን መንገድ እንጂ ሕጋዊነት አይሰጡም።

ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያጓትተው የስም አጻጻፍ ነው። የውጭ ድርጅቶች ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ የአባቱን ስም፣ ሌላው የአያቱን ያስገባል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንድ ድምፅ ሁለትና ሦስት መልክ ይይዛል። ስለዚህ በፋይዳ መታወቂያችሁ ላይ የሰፈረውን አጻጻፍ ሳትቀንሱና ሳትጨምሩ በባንክ፣ በፔዮኒርና በውሉ ላይ ተጠቀሙበት።

ገንዘቡ ከውጭ መምጣቱ ከግብር ነጻ እንደማያደርግም አስቡ። የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከየትም ባገኘው ገቢ ላይ ግብር አለበት፤ በውጭ ያለ ከፋይ ደግሞ ስለማይቀንስለት ራሱ ማስታወቅ ይኖርበታል። ለዚህም ቲን ያስፈልጋል፤ ቲን ለማውጣት ንግድ ፈቃድ ግዴታ አይደለም፣ ተቀጣሪም ያወጣል። በአያትና በአራብሳ የምትኖሩ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሥር ስለሆናችሁ ጉዳያችሁ በአዲስ አበባ ገቢዎች ቢሮ ነው፤ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ግን በሸገር ከተማ ሥር ስለሚተዳደሩ የሚመለከታችሁ የኦሮሚያ ገቢዎች ቢሮ ነው። ቤት የቀየራችሁ ሰዎች ከመሄዳችሁ በፊት የነዋሪነት መታወቂያችሁ የትኛውን አድራሻ እንደሚያሳይ አረጋግጡ።