ለሸዋ ሮቢት ቴራስ የትኛው ሜምብሬን ይሻላል?

የሮቢቷ፦ ሰላም ቤተሰቦች። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጂ ፕላስ ዋን ቤት አለን። ጣሪያው ሶሌታ ነው፤ ቆርቆሮ የለውም። ክረምት ላይ የፎቁ መኝታ ቤት ጥግ ረጥቦ ቀለሙ ተላጠ። ከላይ ውሃ የሚያቁረው ሮቶው አጠገብ ነው። አንዱ ባለሙያ በእሳት የሚለጠፍ ባለ 4 ሚሊ ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ፣ ይሁን ይላል። ሌላው በብሩሽ የሚቀባው ይበቃል ይላል። ማሾ የምናሰጣውም እዚያው ላይ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግንበኛው፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሊሾውን እዪ። ውሃ ካቆረ ስሎፕ የለውም ማለት ነው። በአንድ ሜትር ቢያንስ 1 ሳንቲም፣ ቢቻል 2፣ ወደ መውረጃው መዝቀዝቀዝ አለበት። እሱ ሳይስተካከል ምንም ብትለጥፊበት ብር መበተን ነው።

ሳይት መሐንዲስ፦ ልክ ነው። በእሳት የሚለጠፈው በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። ኤፒፒ የሚባለው ሙቀትና ፀሐይ ይችላል። ኤስቢኤስ የሚባለው እንደ ላስቲክ ስለሚሳብ ብርድ ላይ ቶሎ አይሰነጠቅም። ከጣርማ በር በታች፣ ሮቢትና አጣዬ፣ እኔ ኤፒፒ ነው የምለው። ለደብረ ብርሃን ውርጭ ግን ኤስቢኤስ። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካለሽ ጥቅልሉ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። የሚቀባው የሲሚንቶ ውህድ ለመታጠቢያ ቤት ጥሩ ነው። ሶሌታ ግን ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ይኮማተራል፤ ደረቁ ዓይነት አብሮ ይሰነጠቃል።

ደብረ ብርሃን፦ የእኛ ያፈሰሰው መሀሉ አይደለም፣ ጠርዙ ነው። ሠራተኛው ፓራፔቱ (የጣሪያው ዙሪያ አጭር ግንብ) ሥር ሲደርስ ሜምብሬኑን ቆርጦ ተወው። ግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲም መውጣት ነበረበት። ጥጉም በሞርታር ሰያፍ ሳይደረግ በቀጥታ ከታጠፈ እዚያው ይሰበራል። አንዱ ጥቅልል ሌላው ላይ የሚደረብበትን መደራረቢያ ደግሞ ቆማችሁ እዩ፤ ከ10 ሳንቲም አይነስ። በደንብ ከጋለ ጫፉ ላይ የቀለጠ ሬንጅ ቀጭን መስመር ሠርቶ ብቅ ይላል። ያ ካልታየ አልያዘም፤ ያስደግሙት።

አጣዬ፦ ምን ያደክማችኋል? ቆርቆሮ አልብሺውና ተገላገይ።

የሮቢቷ፦ ማሾውን ታዲያ እርስዎ ግቢ ላስጣው? ለመሆኑ ሜምብሬኑ ላይ ማስጣት ይቻላል?

ሳይት መሐንዲስ፦ በባዶው አይሆንም። አካፋና የወንበር እግር ይበሳዋል። ተለጥፎ ሲያልቅ መውረጃውን ዝጉና ውሃ አቁሩበት፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይ። ከታች ጠብ ካላለ መለያ ላስቲክ ይነጠፍና ሊሾና ሴራሚክ ይልበስ። ግን ክብደቱን አስቢ፤ 5 ሳንቲም ሊሾ ብቻውን በካሬ 100 ኪሎ አካባቢ ነው። የቤቱን ስትራክቸር ለሚያውቅ መሐንዲስ ሳታሳዪ አትጀምሪ። ሥራውንም በበጋ፣ በልግ ሳይገባ ጨርሱት። እርጥብ ሶሌታ ላይ ከተለጠፈ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ያሳብጠዋል።

ግንበኛው፦ የሮቶውን ቤዝ ከሜምብሬኑ በፊት አስሠሪ፤ ሜምብሬኑ ዙሪያውን ወደ ላይ ይውጣበት። በኋላ ብሎን ለመምታት ድሪል ይዞ የሚወጣ ሰው ካለ ቁልፉን ደብቂበት።